ቡድኑ ስብሰባ ላይ ናቸው

ዓለምነው ቡድን መሪ ከሆነ ጀምሮ ከቡድኑ አባላት ጋር ተጣልቶ አያውቅም። ይህን የምለው ላሞግሰው ብዬ አይደለም፤ አባል ስለሌለው ነው።

እንጅባራ ላይ አብረን የምንሠራበት መሥሪያ ቤት ስሙ ረጅም ስለሆነ አልጽፈውም፤ ማኅተሙ ላይ እንኳ ተጨናንቆ ነው የገባው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ መዋቅር ወረደልን። መዋቅር እንደ በረዶ ከላይ ነው የሚወርደው፤ ማን ላይ እንዳረፈ እንጂ ለምን እንደወረደ የሚጠይቅ የለም። በዚያ መዋቅር «የቅንጅትና ትስስር ቡድን» የሚባል ነገር ተፈጠረ፤ አንድ መሪና ሦስት ባለሙያዎች። መሪው ዓለምነው ሆነ። ባለሙያዎቹ «በጀት ሲፈቀድ» ይመደባሉ ተባለ። እግዜር ሲፈቅድ ቢሉን ይሻል ነበር፤ እግዜር እንኳ አልፎ አልፎ ይፈቅዳል። የባለሙያዎቹ ወንበሮች ግን በጊዜ መጡ። የንብረት ክፍል ሠራተኛ ስለሆንኩ ወንበሮቹን ያስረከብኩት እኔ ነኝ። ተረካቢው እሱ፣ ተቀማጭ ግን የለም።

ዓለምነው ጥርባ አካባቢ ተወልዶ፣ በአገውኛ አፉን ፈትቶ፣ አማርኛን ከትምህርት ቤት ያገኘ፣ ጎልማሳነቱን ደግሞ ጫግኒ ያሳለፈ ሰው ነው። በር ሲገባ ጎንበስ የሚል፣ ኮቱ ላይ ጋቢ የሚደርብ ረጅም ሰው ነው። ከእኔ ጋር እኩያ ነን፤ ጡረታን ሁለታችንም ከማዶ ሆነን እናያታለን። ጠባዩን በአንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ብቻውን እህል አይበላም። አይችልም። ምሳውን በሳሕን ይዞ ወደ መጋዘኔ ይመጣል፣ እኔ ከሌለሁ ከጥበቃው ጋር ይቆርሳል፣ ጥበቃው ከሌለ ሳሕኑን ከድኖ ይመለሳል። ጫግኒ ሳለ የእድሩ ዳኛ እሱ ነበር፣ የተጣላ ሲታረቅ ሽማግሌው እሱ፣ ወንፈል ሲወጣ ዘፈን አውጪው እሱ። እንዲህ ያለውን በሰው መካከል የሚኖር ሰው ወስደው በባዶ ወንበሮች ላይ ሾሙት።

መመሪያው ማንኛውም ቡድን በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ይሰበሰባል ይላል። ዓለምነው መጀመሪያ ላይ «አባል ባለመኖሩ ስብሰባ አልተካሄደም» ብሎ ሪፖርት አደረገ። ኃላፊያችን አሳምነው አስጠራው። አሳምነው በዕድሜ የሚያንሰን፣ በስብሰባ የሚበልጠን ሰው ነው።

«ጋሽ ዓለምነው፣ የማይሰበሰብ ቡድን እኮ በሪፖርት ላይ ቀይ ነው የሚቀባው። እኔን ቀይ ሊያስቀቡኝ ነው?»

«ከማን ጋር ልሰብሰብ ታዲያ?»

«እሱን እርስዎ ያውቃሉ። መሪው እርስዎ ነዎት።»

ከዚያ ወዲያ ሰኞ ሰኞ በሩን ዘግቶ ይሰበሰባል። በበሩ በኩል ሳልፍ ሲያስል እሰማዋለሁ፤ ያ የውይይቱ ድምፅ ነው። ቃለ ጉባኤውን ራሱ ይጽፋል፣ ራሱ ይፈርማል፤ «በአጀንዳው ላይ ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» ይላል። በግምገማ ጊዜ ሂስና ግለ ሂስ የግድ ነውና ራሱን ይተቻል፣ ትችቱንም ያለ ቅሬታ ይቀበላል። አንድ ዓመት «ቡድን መሪው አንዳንድ ጊዜ ያኮርፋል» ብሎ አስመዘገበ። ማንን እንደሚያኮርፍ ብጠይቀው «ወንበሮቹን» አለኝ። ሠራተኛው ሁሉ አንድ ለአምስት ተደራጅ ሲባል እሱ አንድ ለዜሮ ተደራጀ። በሩ ላይ ደግሞ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚል ወረቀት ተለጥፎለታል። ለሁሉም ቡድን የተለጠፈ ስለሆነ ለእሱም ተለጠፈ።

እኔ ቱግ የምል ሰው ነኝ። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል፤ አልሰበሰብም በላቸው እንጂ» ስለው ይስቃል። ሳቁ ግን ዓርብ ዓርብ ያልቅበት ነበር።

ጫግኒ ላይ ቤት አለው፤ ቤቱ ውስጥ ሚስቱ ወርቅአየሁ አለች። ልጆቻቸው አድገው ወጥተዋል። እሷ ጉልበቷን ያማታል፣ ገበያ ደርሳ መመለስ ከባድ ሆኖባታል፣ ያለችውም ብቻዋን ነው። ድሮ ዓርብ ከሰዓት ሚኒባስ ይዞ ወደ ቆላው ይወርድ፣ ሰኞ ጠዋት ለስብሰባው ይደርስ ነበር። አሁን መንገዱ ሲሻው የሚከፈት፣ ሲሻው የሚዘጋ ሆነ። እና በስልክ ተጋቡ ማለት ይቻላል። ኔትወርክ የሚይዘው በመጋዘኔ መስኮት በኩል ስለሆነ እዚያ ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚያናግራት። የእሷም ድምፅ ለእኔ ይደርሰኛል።

«ዓለሜ፣ ትመጣለህ ወይስ ዝግ ነው አሉህ?»

«ዝግ ነው አሉ።»

«ኸረ ቤቱ ጭር አለብኝ። አንተ እዚያ በብርድ፣ እኔ እዚህ በሙቀት። ምን የሚሉት ትዳር ነው?»

«እስከ ሰኔ ታገሺኝ።»

ሰኔን የጠራው ያለ ምክንያት አይደለም። ጫግኒ ባለው ቅርንጫፋችን እሱን የሚመጥን አንድ ቦታ ተለቆ ነበር፤ በጀት ዓመቱ እስኪዘጋ ይጠብቀዋል ተብሏል። ማመልከቻ አስገባ። አሳምነው «ቡድን መሪ የሚዛወረው ለቡድኑ አባል አስረክቦ ነው» አለው። ዓለምነው «እንግዲያው አንድ አባል ይሰጠኝ» አለ። «በጀት ሲፈቀድ» ተባለ። ስለዚህ በዚህ ምድር ላይ የሚፈልገው ነገር አንድ ሰው ብቻ ሆነ። «ፊደል የቆጠረ ይሁን፣ ያልቆጠረም ይሁን፣ ወንበሩ ላይ ይቀመጥልኝና አስረክቤው ቤቴ ልግባ» ይለኝ ነበር ሽሮውን እያጠቀሰ።

ጥናቱ የመጣው በዚህ መሐል ነው።

ዮርዳኖስ የምትባል፣ ዶክትሬቷን ለመጨረስ ይህ ጥናት ብቻ የቀራት ተመራማሪ «የቡድን ሥራ፣ ችግርን የመቋቋም ዐቅምና አመራር በተቋማት ውስጥ» በሚል ርዕስ በዞኑ ያሉ መሥሪያ ቤቶችን ልታጠና ተነሣች። በአካል ልትመጣ ነበር፤ መንገዱ አላመጣትም። ስለዚህ በስልክ አጠናችን። ክፉ ሰው አይደለችም። አነጋገሯ ትሑት፣ ጥያቄዋ የተሰናዳ ነው። ከመዋቅሩ ላይ የቅንጅትና ትስስር ቡድን አራት ሰው እንዳለው አንብባለች። መዋቅር ያነበበ ሰው ቢሮ ገብቶ ወንበር ልቁጠር አይልም።

ስልኩን ያነሣችው ጸሐፊያችን ትዕግስት ናት። ትዕግስት የዘንገና ገበሬ ልጅ ናት፤ በእነሱ ቤት ታላቅን «አንተ» ማለት ከብት ሰው ማሳ ላይ ከመልቀቅ የከፋ ጥፋት ነው። ስለ ዓለምነው ስታወራ ሁልጊዜ «እሳቸው» ነው። እኔም የዛገ ቁልፍ ይዤ የምዞረው ሰውዬ ለእሷ «እሳቸው» ነኝ። ስልኩ ሲደወል ወረቀት ላስተይብ ገብቼ አጠገቧ ቆሜ ነበር። መስመሩ ስለሚንጫጫባት ላውድ ላይ አደረገችው፤ ሁሉንም ሰማሁ።

«የቅንጅትና ትስስር ቡድንን ፈልጌ ነበር» አለች ዮርዳኖስ።

«አሉ፤ አሁን ግን ስብሰባ ላይ ናቸው።»

«በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ?»

«ሰኞ ሰኞ። ቀርተው አያውቁም።»

«በሰዓቱ ይገኛሉ?»

«ኸረ ከሰዓቱ በፊት ገብተው ይጠብቃሉ።»

«በስብሰባው ላይ አለመግባባት ይፈጠራል?»

ትዕግስት ደነገጠች። «ከማን ጋር?»

«ከራሳቸው ጋር ነዋ።»

«በጭራሽ። ከራሳቸው ጋር ተጣልተው አያውቁም። በጣም የሰከኑ ናቸው።»

«ሥራ ሲበዛ ወደ ሌላ ክፍል ይገፋሉ?»

«አይገፉም። ሁሉንም ራሳቸው ነው የሚሠሩት።»

«ከሥራ ውጭስ እንዴት ናቸው? ምሳ ለየብቻ ነው የሚበሉት?»

«እሳቸው?» አለች ትዕግስት ፈገግ ብላ። «ብቻቸውን በልተው አያውቁም።»

እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ እኔም ምንም ስሕተት አልታየኝም። ስለ ትልቅ ሰው እንዲህ ነው የሚወራው፤ ልጅቱ የተናገረችው እያንዳንዱ ቃል ደግሞ እውነት ነበር። በአማርኛ አንድ የተከበረ ሰውና አራት ተራ ሰዎች በአንድ ዓይነት ግስ ይሄዳሉ። ዮርዳኖስ አራቱን ሰማች፣ ትዕግስት አንዱን አከበረች፣ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ስልኩን ዘጉ።

በማግሥቱ ተመራማሪዋ ራሱን ዓለምነውን አነጋገረችው፤ ቦታው ያው የመጋዘኔ መስኮት ነው። ይህ ጥናት አባል ያስገኝልኛል ብሎ ስላሰበ ጋቢውን አውልቆ፣ ኮቱን ቆልፎ ነው የቀረበው። በስልክ እንደማትታየው ብነግረውም አልሰማኝም።

«እንደ ቡድን መሪ ትልቁ ፈተናዎ ምንድን ነው?»

«ብቻዬን መሆኔ።»

ከወዲያ በኩል ስትጽፍ ይሰማል። በኋላ ሪፖርቱን አግኝቼ ሳነበው «መሪው የአመራር ብቸኝነት ይሰማዋል፤ ይሁን እንጂ ይህን ስሜት በአባላቱ ላይ አያንጸባርቅም» ይላል።

«ሥራውን እንዴት ነው የሚያከፋፍሉት?»

«ምኑን አከፋፍላለሁ ልጄ፣ ሁሉም እኔው ላይ ነው።»

ሪፖርቱ «ኃላፊነትን ወደ ታች የማያወርድ፣ ራሱን ቀድሞ የሚሰጥ መሪ» ይላል።

«ከባድ ሁኔታ ሲመጣ እንዴት ነው የሚቋቋሙት?»

ዓለምነው ወደ ውጭ አየ። ጉሙ የቀርቀሃውን አጥር ውጦታል። «ጋቢ መደረብ ነው እንግዲህ። ሲብስ ሁለት።»

ሪፖርቱ «ቡድኑ አገር በቀል የመቋቋሚያ ስልቶችን ይጠቀማል» ይላል።

«በመጨረሻ የሚጨምሩት ሐሳብ አለ?»

«አለ እንጂ። ሰው ይጨመርልኝ። አንድም ቢሆን ይበቃኛል። ቡድን ቡድን የምትይው እኮ ልጄ፣ እኔ ራሴ—»

ኔትወርኩ ሄደ። ሃሎ አለ፣ መስኮቱን ከፍቶ ግማሽ አካሉን አውጥቶ ሃሎ አለ። እስከ ማታ አልተመለሰም። ሲመለስ ዮርዳኖስ ሌላ መሥሪያ ቤት እያጠናች ነበር። ሪፖርቱ «መሪው በተገኘው ውጤት የማይረካና ሁልጊዜ የበለጠ የሚሻ ነው» ብሎ ነገሩን ዘጋው።

ነገሩን ማቃናት የሚችል አንድ ሰው ነበር፤ አሳምነው። እሱም ተጠየቀ። ከዚያ ቡድን ዝውውር የጠየቀ አለ ወይ ስትለው «አንድም የለም» አላት። የዓለምነው ማመልከቻ መሳቢያው ውስጥ ተኝቷል፤ ወደ ላይ ያልተላለፈ ማመልከቻ ግን በአሳምነው ሃይማኖት ገና አልተጻፈም።

በግንቦት ውጤቱን ለማብሠር ዳንግላ ላይ፣ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ዐውደ ጥናት ተጠራ። መንገዱ ክፍት ሆነልንና በመሥሪያ ቤቱ መኪና ተጫንን። የታሸገ ውኃ፣ አበባ በፕላስቲክ፣ ግድግዳውን የሚያክል ባነር፣ በየንግግሩ መሐል መብራት ሲጠፋ የሚያጓራ ጄኔሬተር። ዮርዳኖስን በዓይኔ ያየኋት ያኔ ነው። መነጽሯን እያስተካከለች በፕሮጀክተር እያሳየች ስታስረዳ ቆየችና፣ በዞኑ ከተጠኑት ቡድኖች ሁሉ በመተሳሰብም፣ በጽናትም፣ በአመራርም አንደኛ የወጣው የእንጅባራው የቅንጅትና ትስስር ቡድን መሆኑን ገለጸች። ግድግዳው ላይ «የውስጥ ግጭት፦ ዜሮ» የሚል በትልቁ ወጣ።

ከጎኔ የተቀመጠው የዳንግላ ሰው ቢሮው ውስጥ ላለፈው አንድ ዓመት ሰላም የማይባባሉ ሁለት ሰዎችን ይዞ የሚኖር ነው። «እነዚህ ሰዎች መላእክት ናቸው እንዴ?» አለኝ።

«አንድ መልአክ ነው» አልኩት። አልሰማኝም፤ ያጨበጭባል።

«የቡድኑ አባላት ወደ መድረክ» ተባለ። ዓለምነው ተነሥቶ ወጣ። መድረኩ ላይ አራት ጃንጥላ ተደርድሯል፤ ሽልማት ነው፣ የእንጅባራን ዝናብ ያሰበ ሰው መርጦታል። አዳራሹ ሌሎቹን ይጠብቃል። ዮርዳኖስ አንዴ ወደ ተሰብሳቢው፣ አንዴ ወደ በሩ ታያለች። ያን ጊዜ አሳምነው ከፊት ወንበር ብድግ አለ።

«ሌሎቹ ሥራ ላይ ናቸው» አለ። «ለሽልማት እንኳ ሥራ አይፈቱም።»

ሰዉ ቆሞ አጨበጨበ። ዓለምነው ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠብቆ ማይኩን ለመነ። ያን ለስላሳ ሰው እንዲያ አጥብቆ ሲለምን አይቼው አላውቅም።

«የተከበራችሁ፣ ሌሎቹ የሚባል የለም» አለ። «ቡድኑ ማለት እኔ ነኝ። እኔ አንድ ሰው ነኝ። በፈጠራችሁ አንድ ሰው ስጡኝና አስረክቤ ቤቴ ልግባ።»

በቃ ተሰማለት ብዬ እጆቼን አጣመርኩ። የክብር እንግዳው ግን ማይኩን ከእጁ ተቀበለው።

«ሰማችሁ?» አለ በተነካ ድምፅ። «አንድ ሰው ነኝ አለ። አራት ሰው እንደ አንድ ልብ መካሪ፣ እንደ አንድ ቃል ተናጋሪ ሲሆን እንዲህ ነው የሚናገረው። አስረክቤ ልግባ ማለቱ ደግሞ ተተኪ የማፍራት ጥማቱን ያሳያል።»

ዳግመኛ ተጨበጨበ። ዓለምነው አራት ጃንጥላ ታቅፎ ከመድረክ ወረደ። በኋላ አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለጥበቃው፣ አንዱን ለትዕግስት ሰጠን።

ምሳ ላይ ዮርዳኖስ ሳሕኗን ይዛ ወደ እኛ መጣች። ምግቡን አልነካችውም።

«ጋሼ፣ እውነት ብቻዎን ነዎት?»

«ነኝ ልጄ።»

«ጸሐፊዋ እኮ ይሰበሰባሉ፣ ይገባሉ፣ ይበላሉ አለችኝ።»

«አክብራኝ ነው።»

ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። እንባ አቀረረች፤ የእውነት አዘነች። «አስተካክለዋለሁ» ብላ ቃል ገባች። ቃሏንም ጠበቀች። በመጨረሻው ሪፖርት፣ ጥናቱ ስላሉበት ጉድለቶች በሚያወራው ክፍል፣ «የናሙናው መጠን አነስተኛ ነበር» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረች።

ሰኔ ሲገባ ከላይ ውሳኔ መጣ። ጥናት እንዳረጋገጠው ሞዴል ቡድኑ ባለው የሰው ኃይል ከሁሉም የላቀ ስለሆነ ለተጓደሉት ቦታዎች በጀት መያዝ አያስፈልግም ይላል። ቀጥሎ ደግሞ የከፋው መጣ፤ ጫግኒ ያለው ክፍት ቦታ ይታጠፍና ሥራው በሞዴል ቡድኑ ይሸፈን። ዓለምነውን ወደ ቤቱ የሚያስገባው ወንበር ተሰብሮ እንደ ማገዶ ጀርባው ላይ ተጫነለት ማለት ነው። አሳምነው እጁን ዘርግቶ «እንኳን ደስ ያለዎት» አለው። እኔ ብሆን አልጨብጠውም ነበር። ዓለምነው ግን እጁን ጨበጠው፤ ያስተማሩት እንደዚያ ነው።

በዚያው ሳምንት ነገሩ በሬዲዮ ተወራ። ጫግኒ ድረስ ተሰማ። ወርቅአየሁ ዓርብን ሳትጠብቅ ደወለች።

«ሰማሁ» አለች።

«ምን ሰማሽ?»

«አራት ሆናችሁ እንደምትሠሩ። ምሳ እንኳ ሳትነጣጠሉ እንደምትበሉ። ከመካከላችሁ እዛወር ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው እንደሌለ።»

«ውሸት ነው ወርቄ። ጠይቄያለሁ እኮ። አባል የሚባል የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ።»

«ሬዲዮኑ ከእኔ ጋር ምን አለውና ይዋሻል?» አለች። ቁጣ ቢሆን በቀለለ፤ ድምጿ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። «የማስረክበው ሰው የለም ሲሉኝ ይኸን ሁሉ ጊዜ አምኜ ተቀመጥኩ። መምጣቱን አልፈለጉትም ኖሯል። እንግዲህ ከቡድንዎ ጋር ደኅና ይሰንብቱ።»

ስልኩ ተዘጋ። ዓለምነው ከጆሮው ሳያወርደው ቆመ።

«ስንታየሁ» አለኝ ቆይቶ። «አንቱ አለችኝ።»

ከተጋቡ ጀምሮ «አንተ» ስትለው የኖረች ሴት ናት። አንቱታ ለሹም ማዕረግ ነው። ለባል ከሚስቱ አፍ እንዲህ ሲወጣ ግን በር ከውስጥ እንደ መቀርቀር ነው። ያን ቀን ምሳ ይዞ አልመጣም፤ ብፈልገው ከቢሮው ውስጥ ሳሕኑን እንደከደነ ተቀምጧል።

ሰኞ ጠዋት እንደ ደንቡ በሩን ዘግቶ ተሰበሰበ። ከወትሮው ረዘመ። ሲወጣ ቀጥታ ወደ አሳምነው ቢሮ ሄደ፤ እኔም ነገር ሸተተኝና ተከተልኩት። ጊዜው ሳይደርስ በፈቃዱ ጡረታ ለመውጣት የሚጠይቅ ማመልከቻ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አበሉ እንደሚቀንስ ያውቃል፤ በዚያ ላይ ስንት ቀን እንደተጨቃጨቅን እኔም አውቃለሁ።

«ጋሽ ዓለምነው፣ እንዲህማ አይሆንም» አለ አሳምነው። «ቡድኑስ?»

«ቡድኑ መክሮበታል። በሙሉ ድምፅ ወስኗል።»

«የምን ሙሉ ድምፅ?»

«ስንት ዓመት ሙሉ ስትቀበለው የኖርከው ሙሉ ድምፅ። ያኔ ከጸና ዛሬም ይጸናል። ዛሬ ከፈረሰ ያ ሁሉ ሪፖርትህ አብሮ ይፈርሳል።»

አሳምነውን በአንተ ሲናገረው የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አሳምነው ሪፖርቱ ከሚፈርስ መፈረም ይሻለዋል፤ ፈረመ። እኔን ደግሞ በዚያው «ለጊዜው ቡድኑን በውክልና ይያዙት» አለኝ። ሦስቱን ወንበሮች ከዓለምነው ተረክቤ፣ እንደ ንብረት ክፍል ለራሴ አስረክቤ፣ እንደ ቡድን መሪ ፈረምኩ።

መንገዱ ሲከፈት አንድ ሻንጣውን ይዞ በሚኒባስ ሄደ። «ደርሼ እደውላለሁ» ብሎኝ ነበር፤ አልደወለም። ከዚያ ኔትወርክም ጠፋ፣ መንገዱም መልሶ ተዘጋ። ክረምቱን ሙሉ ያሳሰበኝ አንድ ነገር ነው። ይህን ሁሉ ጥሎ ሄዶ በሩን ባትከፍትለትስ? ሬዲዮን አምና ባሏን ያላመነች ሴት፣ ሻንጣ ይዞ ስለመጣ ብቻ ታምነዋለች? ምሳዬን መጋዘኔ ውስጥ ብቻዬን እበላለሁ፤ አልወርድልህ ይለኛል።

በመስከረም ዮርዳኖስ ለትዕግስት ደወለች። ዶክተር ሆናለች። የጥናቷ ሁለተኛ ምዕራፍ ቡድኖች መሪያቸውን ሲያጡ እንዴት እንደሚቋቋሙ ስለሆነ፣ የቀድሞውን መሪ ማነጋገር ፈለገች። ትዕግስት የእሱን ስልክ ብትሞክር ዝግ ነው። ከፋይሉ የሚስቱን ቁጥር አውጥታ ደወለች፤ ላውድ ላይ አድርጊው አልኳት።

«ሃሎ፣ እማማ ወርቅአየሁ ነዎት? ከእንጅባራ ነው፣ ከመሥሪያ ቤቱ። ጋሽ ዓለምነው አሉ?»

ከወዲያ በኩል ዶሮ ይጮኻል፣ ብዙ ሰው ያወራል። ሴትዮዋ «ከመሥሪያ ቤቱ?» ብላ ደገመችው። መሥሪያ ቤት የሚለውን ቃል ስትመዝን ይመስለኛል።

«አለ» አለች። «ከጎረቤት ጋር እሸት እየጠበሰ ነው። ልጥራው?»

ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ። ትዕግስት ምን ልበል በሚል ዓይን አየችኝ፤ በእጄ ተዪው አልኳት።

«ኸረ ይተዉት እማማ» አለች ትዕግስት። «ይብሉ።»